ሸማኔው ይቆይ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ትሂድ?

ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ስትሄዱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ግቢ ውስጥ የሚዘጋጀውን የእጅ ሥራ ቆይታ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። አዘጋጆቹ «ሪትሪት» ይሉታል። ከአዲስ አበባ፣ ከኮምቦልቻ፣ አንዳንዴም ከውጭ አገር ሰዎች መጥተው ጥቂት ቀን ይከርማሉ። ጥጥ ይፈትላሉ፣ ስፌት ይሰፋሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ። እስካሁን የሚበሉትን የሚያዘጋጁት የዚያው መንደር ሴቶች ነበሩ። ሰሞኑን ግን ቀርቷል። ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ምግቡ ደሴ ካለ ሆቴል ታሽጎ በመኪና ይመጣል ተብሏል።

ይሄ ራሱ ባላስቆጣኝ ነበር። ያስቆጣኝ ለምን ሲባሉ የሰጡት መልስ ነው። እንግዳው የሚመጣው ለጥበብ ነው፣ ሽሮ ለመብላት አይደለም አሉ።

እሺ፣ ስለ ጥበብ እናውራ።

እዚያ ግቢ ውስጥ ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርፀዋል። ደግ አደረጉ፣ ይገባዋል። ትንሽ ራቅ ብላ ጭስ ውስጥ የምትጋግረዋን ሴት ግን የሚቀርፃት የለም። እሱ «አሠልጣኝ» ነው። እሷ «ኪችን» ናት።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትሞቃለች። ያው ጤፍ፣ ያው እርሾ ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ ኩፍ ይላል። ደሴ ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ ሊጡ አልነሳ ብሎ ሰው ያስጠብቃል። ሐይቅ ከተማ በከፍታ የሁለቱ መሀል ናት፣ የራሷ ጸባይ አላት። ይህን ለጋጋሪዋ የሚነግራት ቴርሞሜትር የለም። ክዳኑን ገልጣ ታሸታለች። ከላይ የጠለለውን ውሃ ትደፋለች። ከሊጡ ቀንሳ አብሲት ትጥላለች፣ በረድ ሲል መልሳ ትቀላቅላለች፣ እንደገና ትጠብቃለች። አብሲቱ ከተበላሸ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ምጣዱ ከጋለ ያርራል፣ ካልጋለ ይጣበቃል። አሰስ አድርጋ፣ ከዳር ጀምራ እየዞረች እስከ መሀል ስታሰፋው እጇ አንዴ ቢያመነታ እንጀራው ላይ ይታያል። ማረም የለም። ሸማኔው እንኳ የተበጠሰ ድር ይቀጥላል።

ይሄ ጥበብ ካልሆነ ጥበቡ የቱ ነው?

ደግሞ እንግዶቹ የሚማሩትን ነገር እዩት። ስንደዶና አክርማ ይዘው፣ ወስፌ ጨብጠው ሰፌድ ይሰፋሉ። ሰፌድ ለምን ይሆናል? እንጀራ ከምጣድ ይወጣበታል። ሞሰቡስ? እንጀራ ይቀመጥበታል። ምጣድ፣ ጀበና፣ ድስት፣ ገንቦ፤ ከጭቃ የሚሠራውን ብትቆጥሩት አብዛኛው የማጀት ዕቃ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱን የምታለዝበው፣ ሰፊዋም አለላውን ቀይና አረንጓዴ የምትነክረው ማጀት ውስጥ የምትጠብቅ ሌላ ባለሙያ ስላለች ነው። አሁን የሚደረገው፣ ሞሰቡን ሦስት ቀን ሙሉ አሰፍቶ፣ በአራተኛው ቀን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ከፌስታል የወጣ ፓስታ መብላት ነው። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ፣ የሐይቁን ዓሣ ትቶ፣ ከደሴ የመጣ ሩዝ። ይሄ እንዴት ለማንም አልታየውም?

ሌላም አለ። ወሎ ነን። ድግስ ስንደግስ የሙስሊምና የክርስቲያን ድስት ለየብቻ እንደሚጣድ፣ ጭልፋው እንደማይቀያየር ልጅ ሆነን ነው ያወቅነው። የመንደሩ ሴቶች ለእንግዶቹም ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ማን ይፆማል፣ ማን የማንን ሥጋ ይበላል፣ ሳይጠየቁ ይጠነቀቁ ነበር። የማያሰክረው የገብስ መጠጥ፣ ቀሪቦውም አይጠፋም። የታሸገው ምሳ ክዳኑ ላይ ምን ተጽፎ ይመጣ ይሆን?

የንፅህና ነገር ተነስቷል። ውሃው ይፈላ፣ ምግብ የሚነኩት ሁሉ የጤና ምርመራ ያድርጉ፣ ተስማምቻለሁ። ግን ጠዋት ተሠርቶ፣ በፕላስቲክ ታፍኖ፣ ሰዓታት ቆይቶ ለብ ብሎ የሚደርስ ወጥ ከእሳት ላይ ከወረደ ሽሮ ይበልጥ ንጹሕ ነው ያለው ማን ነው? የመንደሯን ማጀት እንግዳው ገብቶ ያየዋል። የሆቴሉን ወጥ ቤት ከመካከላችን ያየ አለ?

ሴቶቹ ደረሰኝ የላቸውም የሚለው ምክንያትም ቀልድ ነው። ሴቶቹ ተደራጅተው ፈቃድ ያወጣሉ፣ አለቀ። ሸማኔው ደረሰኝ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ንቀት ነው፤ ንቀቱም አዲስ አይደለም። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ያኔ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ፋቂው በሙያው ስም ይዋረድ ነበር። ዛሬ ጥበብ የለበሰ ሁሉ ሸማኔውን ያወድሳል፤ ፎቶውን ቢሮው ይሰቅላል። እሰየው። ንቀቱ ግን የትም አልሄደም፣ በጓሮ በር ማጀት ገብቶ ተቀመጠ። በሴት እጅ የሚሠራውና ተበልቶ የሚያልቀው ሙያ ሙያ አይባልም። ግድግዳ ላይ ስለማይሰቀል ይሆናል። ጋቢ ለዓመታት ይለበሳል፣ እንጀራ በማግስቱ ይደርቃል። ታዲያ በየሦስት ቀኑ ከዜሮ ተነስቶ ያንኑ ጥራት መድገም የሚቀል መስሏቸው ነው?

ገንዘቡን ደግሞ ማንም ሊያነሳው አልፈለገም። ሴቶቹ የሚያገኙት እዚያው ይቀር ነበር፤ ጤፉ ከጎረቤት፣ እንቁላሉ ከጎረቤት፣ በርበሬው በእጃቸው የተደለዘ። አሁን ብሩ ከመንደሩ ወጥቶ ደሴ ይገባል፣ ለመንደሩ የሚተርፈው ባዶ የምግብ ዕቃና ፌስታል ነው። በራሪ ወረቀቱ ላይ ግን «የአካባቢውን ማኅበረሰብ እናግዛለን» የሚለው አሁንም አለ።

አዘጋጆቹ ለቀጣዩ ዙር ፕሮግራም ሲያወጡ ከፈትልና ከሸክላ ጎን «እንጀራ፣ ከእርሾ እስከ ምጣድ» ብለው ግማሽ ቀን ይመድቡ። የሴቶቹን ስም ከሸማኔው ስም ሥር ይጻፉ። የቀን አበላቸውን ከእሱ እኩል ያድርጉት። ከዚያ ስለ ደረሰኙ እናወራለን።