ወደ 1 ኦም ከማውረዳችሁ በፊት
ስለ መኪና አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) እና ሰብውፈር (የባስ ስፒከር) አያያዝ የወጣ አንድ ጽሑፍ «ኦሙ በወረደ ቁጥር ኃይል ይጨምራል፣ ስለዚህ 1 ኦም ላይ እሰሩት» ይላል፤ ምክሩ ግን እውነትነቱ ግማሽ ነው። ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። አምፕሊፋየሩ 1 ኦም እንደሚችል ማኑዋሉ ላይ ካልተጻፈ ትርፉ ሙቀት ነው፤ ወይ ፕሮቴክት (ራሱን ከጉዳት መጠበቂያ) ገብቶ ይጠፋል፣ ወይ ይቃጠላል። መጀመሪያ ሰብውፈሩን እዩት። ባለ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ሆኖ እያንዳንዱ 4 ኦም ከሆነ፣ በፓራለል (ጎን ለጎን ሲታሰሩ) 2፣ በሲሪየስ (ተከታትለው ሲታሰሩ) 8 ኦም ይሰጣል። ከአንድ እንዲህ ካለ ሰብውፈር 1 ኦም ጭራሽ አይወጣም! ከዚያ አምፑ በምታስሩበት ኦም ላይ ስንት አርኤምኤስ ዋት (ያለማቋረጥ የሚያወጣው ኃይል) እንደሚሰጥ ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «ማክስ» እርሱት። ባለ ሁለት ቻናል አምፑን ብሪጅ አድርገህ (ሁለቱን ቻናሎች ወደ አንድ አጣምረህ) 2 ኦም ሰብውፈር ልታስርበት ያሰብክ ወንድሜ፣ እባክህ ተው። ብሪጅ ሲሆን እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው ግማሹን፣ ማለትም 1 ኦም ነው፤ አብዛኞቹ ባለ ሁለት ቻናሎች ደግሞ በብሪጅ ከ4 ኦም በታች አይፈቅዱም። ጽሑፉ ያልነካው ከባትሪው ወደ አምፑ የሚሄደውን ገመድ ነው፦ 1000 ዋት በትክክል የሚያወጣ አምፕ፣ ክላስ ዲ (ኃይል ቆጣቢው ዓይነት) እንኳ ቢሆን፣ 90 አምፔር ገደማ ይስባል። በቀጭን ሽቦ ቮልቴጁ ይወርድና ባሱ ይደክማል። ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን።