ታሪኩን የሚነግረኝ ማን ነው?

ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ይመስለዋል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማውቀው እንደዚያ ነበር። መጽሐፉን ሳነበው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ፍራንከንስታይን የፈጣሪው ስም ነው፤ ቪክተር ፍራንከንስታይን የሚባል ወጣት ተማሪ። የፈጠረው ፍጡር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ስም የለውም። ስም የሚያወጣለት ሰው አላገኘም።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ያገኘሁትን እያነሳሁ ሳነብ ከረምኩ። የወንጀል ምርመራ፣ ሳይንስ፣ በሥዕል የተነገረ ታሪክ፣ ሥነ ልቦና፣ የፖለቲካ ልብ ወለድ፣ ሌላም ሌላም። ዘውጉ ቢቀያየርም አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ይሄን ታሪክ የሚነግረኝ ማን ነው? መናገር ሲገባው አፉ የተዘጋውስ? አሁን አሁን አንድን መጽሐፍ ወደድኩት ወይም አልወደድኩትም የምለው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ከፍራንከንስታይን ልጀምር። ሜሪ ሼሊ ይህን ታሪክ መጻፍ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1816 ነው። ከጓደኞቿ ጋር ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ከርመው ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የመናፍስት ታሪክ ለመጻፍ ተስማሙ። በ1818 መጽሐፉ ሲታተም የእሷ ስም አልነበረበትም።

አጻጻፉ ታሪክ በታሪክ ውስጥ ነው። አንድ የሰሜን ዋልታ አሳሽ ለእህቱ ደብዳቤ ይጽፋል። በደብዳቤው ውስጥ ቪክተር ይናገራል። በቪክተር ትረካ ውስጥ ደግሞ፣ ልክ መሃል ላይ፣ ፍጡሩ ራሱ አፉን ይከፍታል። እንደዚያ የሚያምር ንግግር ከእሱ አልጠበቅኩም ነበር።

ፍጡሩ ከአንድ ድሃ ቤተሰብ ጎጆ ጋር በተያያዘች ጠባብ ቦታ ተደብቋል። በሳንቃው ቀዳዳ አጮልቆ ያያቸዋል። ሲያወሩ እየሰማ ቋንቋ ይለምዳል። ሌሊት ሌሊት ወጥቶ ማገዶ ይለቅምና ደጃቸው ላይ ያኖርላቸዋል። ጠዋት ተነስተው ሲያዩት ግራ ይገባቸዋል። ወራት እንዲህ ያልፋሉ። አባትየው ዐይነ ስውር ናቸው። አንድ ቀን ልጆቹ ወጣ ሲሉ ጠብቆ በሩን አንኳኳ። ሽማግሌው ስለማያዩት አልደነገጡም። አስገቡት። አዳመጡት። ደግ ቃል ተናገሩት። ከዚያ ልጆቹ መጡ። ሴቷ ራሷን ሳተች። ወንዱ ዱላ አንስቶ ደበደበው። ፍጡሩ ሊገነጣጥለው የሚችል ጉልበት ነበረው። እጁን ግን አላነሳበትም።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

በ1931 በወጣው ዝነኛ ፊልም ላይ ጭራቁ ያጉረመርማል እንጂ አይናገርም። ፊልሙን ብዙ ሰው ያደንቀዋል፤ ለእኔ ግን ይሄ ከባድ ጥፋት ነው። ያንን ንግግር ካወጣችሁት የሚቀረው የሚያስፈራ ፊት ብቻ ነው። በእርግጥ መጽሐፉም እንከን አለው። ቪክተር ሲያለቃቅስ ይሰለቻል፣ መጀመሪያው ላይም ይንዛዛል። እስከ መሃሉ ታግሣችሁ አንብቡት።

የወንጀል ታሪክ ብዙም አልወድም ነበር። ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ምን ይቀራል እል ነበር። ይህን ሐሳቤን ያስለወጠኝ የአጋታ ክሪስቲ "የሮጀር አክሮይድ ግድያ" ነው፤ የታተመው በ1926። መርማሪው ፖይሮ ጡረታ ወጥቶ በአንዲት መንደር ዱባ ይተክላል። ታሪኩን የሚነግረን የመንደሩ ሐኪም ነው። ገዳዩን አልነግራችሁም፤ ላላነበበው ሰው ግፍ ይሆናል። ብቻ ጨርሼ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩና በእርሳስ እያሰመርኩ እንደገና አነበብኩት። ውሸት ፈለግኩ። የለም። ደራሲዋ ሁሉንም ነገር ዐይኔ ሥር አስቀምጣልኝ ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ለአንባቢዋ ያላትን ክብር ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

ወደ ሳይንስ ልሻገር። ዘንድሮ ካነበብኳቸው ሁሉ ውስጤ የቀረው የሬቤካ ስክሉት መጽሐፍ ነው፤ ስለ ሄንሪዬታ ላክስ የጻፈችው፣ በ2010 የወጣው።

ሄንሪዬታ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ትንባሆ እያመረተች ያደገች፣ የአምስት ልጆች እናት። በ1951 በማኅፀን በር ካንሰር ሞተች፤ ገና 31 ዓመቷ ነበር። ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ስትታከም ሐኪሞቹ ከዕጢዋ ናሙና ወሰዱ። አልጠየቋትም። እስከዚያ ድረስ በቤተ ሙከራ የሚቀመጡ የሰው ሴሎች ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። የእሷ ግን አልሞቱም። እየተባዙ ቀጠሉ። ከስሟና ከባሏ ከወሰደችው የቤተሰብ ስም መጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ "ሂላ" ተባሉ። የፖሊዮ ክትባት የተሞከረው በእነሱ ላይ ነው። ጠፈር ድረስ ሄደዋል። ተሽጠዋል፣ ተለውጠዋል። ቤተሰቧ ይህን የሰማው ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ ስሟ እንኳ ሄለን ሌን እየተባለ በስሕተት ይጻፍ ነበር።

መጽሐፉ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። የሄንሪዬታ ልጅ ዲቦራና ወንድሟ ወደ ሆፕኪንስ ቤተ ሙከራ ይሄዳሉ። ዲቦራ እናቷ ስትሞት ነፍስ አላወቀችም ነበር፤ መልኳን አታስታውስም። ሳይንቲስቱ ከበረዶው ማስቀመጫ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ይሰጣታል። ውስጡ ያለው የእናቷ ሴል ነው። ዲቦራ ብልቃጧን በሁለት እጇ ይዛ በርዷታል አለች። ከዚያ እፍ እፍ እያለች ታሞቃት ጀመር።

ስለ ሴል ክፍፍል ብዙ ማብራሪያ አንብቤያለሁ። የዚያችን ብልቃጥ ያህል የገባኝ ግን የለም።

በመጽሐፉ ላይ የሚነሳ ወቀሳ አለ። ደራሲዋ ራሷን ታሪኩ ውስጥ በጣም አስገብታለች የሚል። እኔም መጀመሪያ ላይ ደስ አላለኝም ነበር። ይሄ የላክስ ቤተሰብ ታሪክ ነው፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ብዬ ነበር። እየገፋሁ ስሄድ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ቤተሰቡ ስልኳን አያነሳም፣ በር ይዘጋባታል፣ ቀጥረዋት ይቀራሉ። ለምን እንደማያምኗት የምናየው እሷ እዚያ ስላለች ነው። ሥራው ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ዲቦራ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት፣ በ2009 ሞተች። በ2023 ደግሞ ቤተሰቡ ከሴሎቹ ከሚያተርፍ አንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር የነበረውን ክስ በስምምነት ዘጋ። ይህን ዜና ሳነብ የመጣችብኝ ብልቃጧን የያዘችው ዲቦራ ናት።

"በሥዕል የተሠራ ነገር የልጆች ነው" የሚል ሰው ካለ የአርት ስፒገልማንን "ማውስ" ይስጡት። አይሁዶቹ አይጦች፣ ጀርመኖቹ ድመቶች ሆነው ተሥለዋል። ልጁ፣ ማለትም ደራሲው ራሱ፣ አባቱን ስለ አውሽዊትዝ፣ ስለ ናዚዎቹ የሞት ካምፕ፣ ይጠይቃል፤ አባት ይናገራል፤ ልጅ ይቀዳል። በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አግኝቷል። እኔን የያዘኝ ግን አባትየው የተናገረው ሳይሆን ያጠፋው ነው። እናትየው ከጦርነቱ በኋላ ያየችውን ሁሉ በደብተር ጽፋ ነበር። በ1968 ራሷን አጠፋች። ልጁ በየቀጠሮው ደብተሮቹ የት ደረሱ ይላል። አባት ዛሬ ነገ ይላል። የመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል። አቃጥሏቸዋል። ያውም ልጄ አድጎ ቢያነባቸው ብላ እንደነበር እያወቀ። ልጁ አባቱን ነፍሰ ገዳይ ይለዋል።

ስለ እናትየው የምናውቀው እንግዲህ አባትየው በነገረን ልክ ነው። ስፒገልማን ይህን ክፍተት ሊሞላው አልሞከረም። እንደ ተቃጠለ ተወው። ትልቅ ሥራ ያደረገው ለእኔ ይሄ ነው።

የስኬት መጻሕፍትም ሁለት ሦስት አንብቤያለሁ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፣ አንዱ ከሌላው ብዙ አይለይም። የሚናገሩት ያሸነፉት ብቻ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ፣ ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ተሳካልኝ። እሺ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ተስፋ ሳይቆርጡ ያልተሳካላቸውስ? እነሱን የጠየቀ ደራሲ አላገኘሁም። እነሱ ካልተጠየቁ ደግሞ ምክሩ መሥራቱን በምን እናውቃለን? የወጣቶችን ጊዜ የሚያባክን ነገር ስለሆነ ያናድደኛል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማን ስለ ፈጣንና ዝግተኛ አስተሳሰብ የጻፈው መጽሐፍ ከዚህ በጣም ይርቃል። በ2011 የወጣ ነው። ከባድ ነው፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነበበው። ውስጡ አንድ ምዕራፍ አለ። ሳናስተውለው የሰማነው ቃል ባሕርያችንን ይነካል ይላል፤ ስለ እርጅና የሚያወሱ ቃላት ያነበበ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል እንደ ማለት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን የመሰሉ ሙከራዎችን ሲደግሙ ውጤቱ አልመጣ አለ። ካነማን በ2017 በአደባባይ ጻፈ፤ በጥቂት ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከልክ በላይ ተማምኜ ነበር አለ። የኖቤል ተሸላሚ ነበር፤ ዝም ቢል ማንም አያስገድደውም ነበር። ያንን ምዕራፍ ዝለሉት አልልም። ስሕተቱን እያወቃችሁ አንብቡት፤ ሌላውን ክፍል ይበልጥ ታምኑታላችሁ።

"ኦሮማይ"ን እንደገና አነበብኩት። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ነው፤ ኤርትራ ውስጥ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የተመሠረተ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ጋዜጠኛ ነው። ሥራው ድሉን ማብሰር ነው። በዓሉም ራሱ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን ስታነቡ ሁለት ድምፅ ትሰማላችሁ፤ አንዱ የሚፈለግበትን የሚናገር፣ ሌላው ያየውን የሚናገር። መጀመሪያ ላይ የፊተኛው ይጮኻል። እየቆየ ሁለተኛው ይበልጠዋል። ድሮ ሳነበው የጸጋዬና የፊያሜታ ፍቅር ነበር የሚስበኝ። አሁን ግን የገረመኝ የስብሰባዎቹ ወሬ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ማንም የማይለው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

መጨረሻ ላይ ያነበብኩት በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣውን የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ነው። ኢግቦ ከሚባለው የናይጄሪያ ሕዝብ የሆነው የኦኮንኮ ታሪክ ነው። ጉልበተኛ፣ ቁጡ፣ እንደ አባቱ ደካማ እንዳይባል ዕድሜውን ሙሉ የሚፈራ። ስለ ሕይወቱ ብዙ ገጽ ካነበብን በኋላ፣ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ እንግሊዛዊው ገዢ ብቻውን ማሰብ ይጀምራል። ስለ አካባቢው መጽሐፍ ሊጽፍ ነው። ርዕሱን ሳይቀር መርጧል። የዚህ ሰውዬ ነገርም ይገባበታል ይላል በልቡ። አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል ይልና፣ ኧረ ምዕራፍ ባይሆን አንድ ደህና አንቀጽ ይበቃዋል ብሎ ያርማል። መጽሐፉ እዚያው ያልቃል።

አንድ አንቀጽ። ያን ሁሉ ሰው። ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ ገጾቹን ወደ ኋላ ገልጬ ወደ ምዕራፍ አንድ ተመለስኩ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቃል የሰውየው ስም ነው። ኦኮንኮ።