ሐዘኔ ትከሻዬ ላይ ነበር

ወንድሜ ሲሞት አላለቀስኩም። ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛ ሳስተናግድ ከረምኩ። "አይዞሽ፣ ቻይው" አሉኝ፣ ቻልኩት። ከአርባው በኋላ ግን ትከሻዬ ተያዘ፣ አንገቴን ማዞር አቃተኝ፣ ሌሊት ጥርሴን ነክሼ እባንናለሁ። ተመረመርኩ፣ ምንም የለም ተባልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ "ደህና ነኝ" ከማለት በቀር የሚወጣኝ ቃል አልነበረም።

ጓደኛዬ እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ወዳለች ጠባብ የውዝዋዜ መለማመጃ ወሰደችኝ። አሰልጣኟ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ በባዶ እግር መራመድ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን እስክስታ ሲጀመር ትከሻዬ እምቢ አለኝ፣ ቀስ እያልኩ ሳንቀጠቅጠው ግን ያ ሁሉ ያመቅኩት ለቅሶ ገነፈለ። ማንም ዝም በይ አላለኝም። ከበሮውም አልቆመም።

ዳንስን ለሕክምና መጠቀም ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ማሪያን ቼስ የምትባል አሜሪካዊት ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1942 ዋሽንግተን በሚገኘው ሴንት ኤልዛቤትስ የአእምሮ ሆስፒታል ከታካሚዎች ጋር መሥራት ጀምራ ነበር። ታካሚው የሚያደርገውን እንቅስቃሴ እሷም ታደርገዋለች፤ በዚያ ይግባባሉ።

እኛስ? አያቶቻችን ሙሾ እያወረዱ፣ ደረት እየመቱ፣ በሰውነታቸው ነበር የሚያለቅሱት። ደረት መምታት ይመለስ አልልም፣ ራሱን የጎዳ ብዙ ነው። ግን እሱን ስንተው በምትኩ ምን ሰጠን? የፕላስቲክ ወንበርና "ቻይው"። እዚህ ከተማ ደግሞ በየዓመቱ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ሽማግሌውም ወጣቱም ቄጣላ የሚባለውን የጋራ ጭፈራ ሲወጣ እናያለን። የበዓል ደስታ ነው፣ ሕክምና አይደለም። ቢሆንም ያን ሁሉ ሰው በአንድ እርምጃ ሲንቀሳቀስ ያየ፣ አብሮ መንቀሳቀስ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ማስረዳት አያስፈልገውም።

ለዚህ ነው በየትምህርት ቤቱና በየወጣት ማዕከሉ የምክር አገልግሎት ሲባል ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ መሆኑ የሚያናድደኝ። አፉ የማይፈታለት ልጅ አለ። ለሱ ከበሮ፣ ጭቃ፣ ባዶ ወለል ይሰጠው፤ ሙያውን የተማረ ሰውም አጠገቡ ይሁን፣ ምክንያቱም የታመቀ ነገር ሲወጣ ሊያስደነግጥ ይችላል። እንቅልፍና ምግብ የራቀው፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ግን ውዝዋዜን አይጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ። መድኃኒት የጀመረም አያቋርጥ።

እኔ አሁንም ማክሰኞና ሐሙስ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ከልምምድ በኋላ ለጓደኛዬ ስለ ወንድሜ አወራኋት፣ ስሙን እየጠራሁ፣ እስኪመሽ ድረስ።