ቆዳ ያባውን ምራቅ ያወጣው ይሆን?

ሶሪያሲስ የተባለውን፣ ቆዳን እያወፈረ ቅርፊት የሚያወጣ ሕመም፣ ወይም ችፌን ለመለየት የታማሚውን ምራቅ እንመርምር ሲባል ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ቆዳ በግላጭ የሚታይ አካል አይደለም ወይ? ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ የሚደርስበትን ነገር በአፍ በኩል ዞሮ መፈለግ ለምን አስፈለገ? ጥያቄውን አልንቀውም። ነገር ግን ዓይን በቆዳ ላይ ምን ያህል እንደሚሳሳት ያየ ሰው በዚህ ብቻ አይረታም።

የቆዳ ብግነት፣ ማለትም የቆዳ መቆጣት፣ ሲገለጽ ቀድሞ የሚጠራው ምልክት ቅላት ነው። ፈካ ባለ ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ይታያል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ያው በሽታ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ አመድማ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላል። ሐኪሞች የሶሪያሲስን ክብደት የሚመዝኑበት ፓሲ የተባለ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚሠራበት ይህ መለኪያ ቅላቱን፣ የቆዳውን መወፈርና ቅርፊቱን ከተጠቃው የሰውነት ስፋት ጋር አስልቶ ነጥብ ይሰጣል። ቅላቱ በደንብ የማይታይለት ታማሚ ነጥቡ ከሕመሙ ሊያንስ ይችላል፤ የሚታዘዝለት መድኃኒትም እንደዚያው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ሶሪያሲስ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ብዙዎች ያለ አግባብ ከሚሠቃዩባቸው ምክንያቶች አንዱ በሽታው በስህተት ወይም ዘግይቶ መታወቁ እንደሆነ አስፍሯል። ምራቅ የቆዳ ቀለም አያውቅም፤ በእኔ እምነት ለዚህ ምርምር መሟገት የሚገባን ከምንም በፊት በዚህ ምክንያት ነው።

ከምራቅ በሽታን ማንበብ አዲስ ሕልም አይደለም። አንድ አዋቂ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚያመነጨው ይህ ፈሳሽ 99 በመቶው ውኃ ቢሆንም፣ በቀሪው ውስጥ ፕሮቲን፣ ሆርሞንና ፀረ እንግዳ አካል አለበት። ከፊሉ ከደም አልፎ የመጣ ነው። ኩሺንግ የተባለውን የሆርሞን ሕመም ለመለየት ሌሊት ላይ በተወሰደ ምራቅ ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል መለካት የታወቀ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሰው ራሱ ድዱን ጠርጎ ቤቱ ውስጥ የሚያደርገውን የኤችአይቪ ምርመራ ፈቅዷል።

ከቆዳ ሕመሞች መካከል የምራቅ ተስፋ በጣም የሚያሳምነኝ በፔምፊገስ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የቆዳን ሴሎች እርስ በርስ የሚያያይዘውን ዴስሞግሊን የተባለ ፕሮቲን ያጠቃል፤ ቆዳውም ውኃ እየቋጠረ ይላጣል። የበሽታው ዋነኛ ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፍ ውስጥ ነው። ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ ታማሚው ለወራት የአፍ ቁስል ነው እየተባለ ሊመላለስ ይችላል። ዴስሞግሊንን የሚያጠቁት ፀረ እንግዳ አካላት በታማሚዎች ምራቅ ውስጥም ተገኝተዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ቀድሞ ማግኘት ብዙ ስቃይ ያስቀራል።

ሶሪያሲስ ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። በሽታውን ከሚያባብሱት የብግነት መልእክተኞች አንዱ ቲኤንኤፍ አልፋ ነው። በታማሚዎች ምራቅ ውስጥ ይህና መሰሎቹ ከጤነኞች ከፍ ብለው የተገኙባቸው ጥናቶች አሉ። ታዲያ ችግሩ ድድ ነው። የታመመ ድድም እነዚሁኑ መልእክተኞች ወደ አፍ ያፈስሳል፤ ሶሪያሲስ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ የድድ ሕመም ከሌላው በበለጠ ይታይባቸዋል። ስለዚህ የተሳታፊዎቹን ድድ ያልመረመረ ጥናት የለካው ቆዳውን ይሁን ድዱን በምን እናውቃለን? ሲጋራውን፣ የአፍ መድረቁን፣ ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓት፣ ጥርስ ሲፋቅ የሚደማውን ትንሽ ደም ሁሉ ጨምሩበት።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ታማሚን ከፍጹም ጤነኛ ጋር ማወዳደር ቀላል ነው። ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ግን ይኼ ሶሪያሲስ ነው፣ ችፌ ነው ወይስ ጭርት የሚለው ነው። ጭርትን ችፌ ነው ብሎ የስቴሮይድ ቅባት ያዘዘ ሐኪም ፈንገሱን መልኩን ለውጦ እንዲዛመት ያደርገዋል። ብግነት አለ ብቻ የሚል ምራቅ ለዚህ ሐኪም ጭሱን አሳይቶ የተቃጠለውን ቤት ሳይነግረው የሚሄድ መልእክተኛ ነው። ስለዚህ በአንድ ጠብታ ምራቅ ችፌንና ሶሪያሲስን ለይቼ እነግራችኋለሁ የሚል ዕቃ ገበያ ላይ ቢወጣ፣ ዛሬ ባለው ማስረጃ ለማንም ግዛው አልልም። ዘርፉ ገና ምራቁን አልዋጠም።

እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለክትትል ነው። አንድ ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ይወዳደር፤ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት፣ ከወር በኋላ፣ ከሦስት ወር በኋላ። የድዱና የልማዱ ጉዳይ ብዙም ካልተለወጠ፣ በምራቁ ውስጥ የሚታየው ለውጥ ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ይናገር ይሆናል። ችፌ በአብዛኛው የሚጀምረው በሕፃንነት ነው። በየቀጠሮው ክንዱ በመርፌ ሲወጋ የሚያለቅስን ልጅ ይዞ የተቀመጠ ወላጅ፣ ከምላስ ሥር በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ምን ያህል እፎይታ እንደሚሆን አስረዱኝ አይልም።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ግን አንድ ወጥመድ አለ። አዲስ ምርመራ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ከነባሩ መለኪያ ጋር ሲመሳከር ነው፤ በሶሪያሲስ ነባሩ መለኪያ ደግሞ ያው ቅላት የሚቆጥረው ፓሲ ነው። የጠቆረ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ከጥናቱ ከቀሩ፣ ወይም ገብተውም የምራቃቸው ውጤት ዓይን በሰጣቸው ዝቅተኛ ነጥብ ከተዳኘ፣ ትክክለኛውን የተናገረው ምራቅ ተሳስቷል ይባላል። በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ማመሳከሪያው ከቆዳ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የታየ ናሙና ሊሆን ይገባል፤ ይህም ጥናቱ ሲነደፍ እንጂ ውጤቱ ከታተመ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም።