ፎቶ ተነስቶ መመለስ ትውልድ አያገናኝም

ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ከአረጋውያን ጋር ለማቀራረብ ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ የሚያዘጋጁት የአንድ ቀን ጉብኝት ነው። 40 ተማሪዎች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይሄዳሉ፤ ስጦታ ያድላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ጉብኝት ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል ባዮች ነን። ተማሪው የሚያየው ዊልቸርና የመድኃኒት ብልቃጥ ነው፤ ስለ እርጅና ይዞት የሚመለሰውም ያንኑ ነው። አረጋውያኑ ደግሞ ተቀምጦ ከመቀበል ሌላ ድርሻ አልተሰጣቸውም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ የተራራቁ ወገኖች ስለተገናኙ ብቻ ጭፍን አመለካከታቸው አይለወጥም። በእኩልነት መቀመጥ፣ የጋራ ግብ መያዝ፣ ተባብሮ መሥራትና የተቋም ድጋፍ ማግኘት አለባቸው። የአንድ ቀን ጉብኝት የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አያሟላም። አራተኛውም ቢሆን አውቶቡስ ከመመደብ አያልፍም።

የተሻለ ምሳሌ አለ። በኔዘርላንድስ ዴቬንተር ከተማ የሚገኘው ሂዩማኒታስ የተባለ የአረጋውያን መኖሪያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ጥቂት ተማሪዎችን ያለ ኪራይ ያኖራል። የሚጠየቁት በወር 30 ሰዓት መልካም ጎረቤት እንዲሆኑ ነው። አንድ ኮሪደር የሚጋራ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ደክሞት ሲገባም፣ ፈተና ሲወድቅም ይታያል። አረጋውያኑም በተራቸው የሚመክሩት፣ የሚያጽናኑት ሰው ያገኛሉ።

አብሮ መኖር ለሁሉም አይቻልም። የሚቻለው አንድ ተማሪን ከአንድ አረጋዊ ጋር አጣምሮ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ለ60 ደቂቃ ያህል፣ ቢያንስ ለ8 ሳምንት ማገናኘት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጨዋታው ሊደርቅ ይችላል። ለዚህ ነው እጅ የሚይዝ ሥራ የሚያስፈልገው።

ለምሳሌ የድሮ ፎቶዎችን ማደራጀት። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ፎቶ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወሬው ይቀርና ቆጠራ ይሆናል። ተማሪው ፎቶውን በመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ በስልኩ ያነሳል፤ ፍላሽ ያንጸባርቅና ፊት ያጠፋል። አረጋዊው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በግምት መቼ እንደሆነ ይናገራሉ። ጀርባው ወረቀት ከሆነ በለስላሳ እርሳስ ቀለል አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ እስክሪብቶ ግን ተጭኖ በፊት በኩል ይወጣል። ጀርባው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ከሆነ እርሳስም አይዝም፤ መጀመሪያ ፎቶው የሚቀመጥበት ፖስታ ላይ ጽፎ ከዚያ ፎቶውን መክተት ነው። ሌላው ጥሩ ሥራ የሥራ ቃለ መጠይቅ ልምምድ ነው፦ ዕድሜ ልካቸውን ሠራተኛ ሲቀጥሩ የኖሩ ጡረተኛ ጠያቂ፣ ተመራቂው ተጠያቂ። እዚህ ላይ ማን ማንን እንደሚረዳ ግልጽ ነው።

ስልክ ማስተማር የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይበላሻል። ተማሪው «ይስጡኝ፣ እኔ ላድርገው» ይልና በሦስት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ስልኩ ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይማሩ፤ ደረጃዎቹን ራሳቸው በገዛ ቃላቸው በትልልቁ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማስታወሻቸውን አይተው ይድገሙት። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ከቆየ ስልኩ ረጅም ንክኪ አድርጎ ይቆጥረውና ምልክቶቹ ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ። ይህ የእጅ እንጂ የአእምሮ ጉዳይ አይደለም፤ በስልኩ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ የንክኪው ቆይታ ይስተካከላል።

የመስማት ነገርም አለ። በዕድሜ የሚመጣው የመስማት ችግር የሚጀምረው ከቀጭን ድምፆች ነው። መጮህ ድምፅን ያቀጥናል፣ ቃላትንም ያዛባል፤ ስለዚህ የበለጠ አይሰማም። ፊት ለፊት፣ አንድ ሜትር ያህል ርቆ መቀመጥ፣ ብርሃኑ ተናጋሪው ፊት ላይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ይረዳል። ካልተሰማ ያንኑ ቃል ደጋግሞ ከመናገር በሌላ አባባል መግለጽ ይሻላል። በሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ ስድስትና ሰባት ሆኖ ማውራት ግን ለብዙዎቹ ድካም ብቻ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ሕጉ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይሰጥ። ተማሪው የባንክ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም፣ አይመዘግብም፤ ብድርም ሆነ ውድ ስጦታ አይቀበልም። መድኃኒት መስጠትና ሰውነት ማጠብም ሥራው አይደለም። ይህን መጻፍ ተማሪውን እንደ መጠራጠር የሚያዩ አሉ፤ አንድ ቀን ገንዘብ ቢጠፋ ግን ጽሑፉ ተማሪውንም ያድነዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያቆስለው አጨራረሱ ነው። ፈተና ይመጣል፣ ተማሪው ይጠፋል፣ አረጋዊቷ በተለመደው ሰዓት በር በሩን እያዩ ይቀመጣሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ገና ሲጀመር ይነገር፤ ከማብቂያው አንድ ሳምንት በፊትም ይቀጥሉ እንደሆነ ሁለቱም ለየብቻ ይጠየቁ። ለቀረ ተማሪ በዚያው ቀን የሚደውል፣ ያልተስማሙ ጥንዶችን የሚቀያይር፣ ደመወዝ የሚከፈለው አስተባባሪም ያስፈልጋል። ይህን ሥራ በበጎ ፈቃደኛ ተማሪ ላይ የጣለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሲመረቅ ፕሮግራሙንም አብሮ ያስመርቃል።