የፈረሰኛ ሐውልት ውዳሴ

በቱርክ ደቡባዊ ጠረፍ የምትገኘው አላንያ በመካከለኛው ዘመን በዛሬዋ ቱርክ ምድር ይገዛ ለነበረው ለሴልጁክ ሥርወ መንግሥት ሱልጣን፣ ለአላዲን ኬይቁባድ፣ በፈረስ ላይ እንዳሉ የሚያሳይ ሐውልት አቁማላቸዋለች። ይህን አይቶ የማይረካ ሰው ቢኖር የከተማ አስተዳደር ጥበብ ገና አልገባውምና ሊታዘንለት እንጂ ሊወቀስ አይገባም። ሱልጣኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1220 እስከ 1237 ገዝተዋል፤ ከተማይቱንም በ1221 ከበው ከገዥዋ ከኪር ፋርድ ከተረከቡ በኋላ በስማቸው አላኢዬ አሰኝተዋታል። ኪር ፋርድ በምትኩ አክሼሂርን እንዲያስተዳድር ተሰጠው፤ ሴት ልጁንም ለሱልጣኑ ዳረ። ከበባው በድርድርና በሠርግ ማለቁ ለቀራፂ የሚመች ነገር አልነበረም፤ አማች ሆኖ መግባት በአደባባይ አይቀረፅምና ፈረስ መመረጡ ትክክል ነው።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የፊታቸው ነገር ነው። ሱልጣኑ ምን ይመስሉ እንደነበር በእርግጠኝነት የሚያሳይ ምስል ለእኛ አልደረሰም። በበይሼሂር ሐይቅ ዳር ካሠሩት ከኩባዳባድ ቤተ መንግሥት በቁፋሮ የተገኙት ባለቀለም ሸክላዎች፣ እግራቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ፣ ፊታቸው እንደ ጨረቃ የከበበ፣ ዓይናቸው የሾለ ሰዎችን ያሳያሉ፤ የዘመኑ ሰው ውበትና ክብር ብሎ የሣለው ይህንን ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ታሪክ ጸሐፊን ያስጨንቀው ይሆናል፤ የከተማ ምክር ቤትን ግን ከቶ አያሳስበውም። ማንም አይቶት የማያውቀውን ፊት «አይመስልም» ብሎ የሚከራከር ሰው ስለማይኖር፣ ከዚህ የተሻለ ሞዴል ከወዴት ይገኛል?

ደግሞስ ሐውልት ከግንብ በምን ያንሳል? ሱልጣኑ በ1226 ያሠሩት ስምንት ማዕዘን ያለው ቀይ ግንብ ቁመቱ 33 ሜትር ነው፤ ከአጠገቡም አምስት ቅስት ያለው የመርከብ መሥሪያ አለ፤ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ቅጥር ደግሞ ኮረብታውን ዞሮ ይወጣል። ይህ ሁሉ ጥገና ይፈልጋል፤ በጥገና ላይ ደግሞ ሪባን አይቆረጥም፣ የክብር እንግዳም አይጠራም። አዲስ ሐውልት በአንድ ቀን ተገልጦ፣ ተጨብጭቦለት፣ ፎቶ ተነሥቶበት ያልቃል። አላንያ ግን ሐውልቱ እያላት ቀዩን ግንብም ጠብቃ ለጎብኚ ክፍት አድርጋለች፤ በዚህ ረገድ ጥቂት ወደ ኋላ መቅረቷን በሐዘን እንጠቅሳለን።

ፍጹም አርአያ የምትሆነን የሱልጣኑ መናገሻ ኮንያ ናት። ኬይቁባድ በ1221 ከተማይቱን በቅጥር አሳጠሩ፤ ወጪውንም መኳንንቱ እየተካፈሉ እንዲሸፍኑ አደረጉ። ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች ስማቸው በድንጋይ ላይ እንዲቀረፅላቸው መፈለጋቸው ያን ጊዜም ነበር፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ከስሙ ጋር ቅጥሩም አብሮ መቆሙ ነው። በዚያ ቅጥር ላይ ክንፍ ያላቸው መላእክት፣ ከጥንት ፍርስራሽ የተሰበሰቡ የሮማውያን ቅርፆች፣ ራሱ የተቆረጠ የግሪኮች የአፈ ታሪክ ጀግና ሄራክለስ ሳይቀር ተሰክተውበት ነበር። ሱልጣኑ የሌላ እምነትና የሌላ ዘመን ሰው የጠረበውን ድንጋይ በገዛ በራቸው ላይ ማኖር አላሳፈራቸውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮንያ ሰዎች ቅጥሩን እያፈረሱ ድንጋዩን ለሌላ ሕንፃ አዋሉት፤ ሁለቱ መላእክት ዛሬ በሙዚየም አሉ። ቦታ እንዲህ ከተለቀቀ በኋላ ያለፈውን ዘመን ማክበር ምንኛ ይቀላል!

አላንያም ብትሆን ከሐውልቱ በተጨማሪ ስማቸውን ለባሕር ዳርቻና ለዩኒቨርሲቲ ሰጥታለች። በ1237 በካይሴሪ ከተማ በግብዣ ላይ ተመርዘው እንደሞቱ የሚነገርላቸው ሱልጣን፣ ዛሬ በስማቸው በተጠራ አሸዋ ላይ ከመላው አውሮፓ የመጣ ሕዝብ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ሲተኛ ቢያዩ ድላቸው ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ በተረዱ ነበር።

አንዳንድ ነገር የማይጥማቸው ሰዎች ደግሞ ቀዩን ግንብ የሠራው ከሶርያዋ ከተማ ከሐለብ የመጣው አቡ አሊ አል ከታኒ መሆኑን፣ ስሙም በግንቡ ላይ ተጽፎ መገኘቱን እያነሡ «ለእርሱስ ፈረስ አይገባውም?» ይላሉ። ጥያቄው ሥርዓት የጎደለው ነው። የዚህ ሰው ፊት አይታወቅም፤ ባልታወቀ ፊት ሐውልት ማቆም ደግሞ ታሪክን ማጭበርበር ይሆናል።