ጉሮ ወሸባዬ ለማናስሉ ጀግና

ድሮ ፉካሪ ምስክር ያስፈልገው ነበር። ጣልኩ፣ ገደልኩ እያለ በጉባኤው ፊት ሲንጎራደድ «አዎ፣ አብሬው ነበርኩ» የሚል ካልተገኘ ጎራዴውን ወደ አፎቱ መልሶ ይቀመጣል። ደግነቱ ዘመኑ ይህን ጣጣ አቀለለው። ዛሬ የሂማሊያን ተራራ «ድል ለማድረግ» ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ገንዘብ፣ የአምስት ሳምንት ፈቃድና ባትሪው ያልሞተ ስልክ ይበቃል። ምስክሩማ አለ፤ ግን ከፎቶው ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ይወጣል።

ስለዚህ የዛሬው ውዳሴያችን በአስጎብኚ ድርጅት እየተመሩ ጫፍ ለሚደርሱ ጀግኖች ነው፤ በተለይ ኔፓል ጎርካ ውስጥ የሚገኘውን ማናስሉን ለመረጡት። ምርጫቸው ራሱ ብልህነት ነው። ማናስሉ 8,163 ሜትር ነው፤ ከዓለም ስምንተኛ። ከስምንት ሺህ ሜትር በላይ ካሉት 14 ተራሮች ደግሞ ከቀላሎቹ ይቆጠራል። የኤቨረስት መውጫ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከ11,000 ዶላር ወደ 15,000 ሲያሻቅብ፣ የማናስሉ የዚያን ሩብ እንኳ አይሞላም። ቤት ሆኖ ፎቶውን የሚያይ ዘመድ የትኛው ተራራ የትኛው እንደሆነ መች ይለያል? «ቀላል» የተባለው ተራራ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 በአንድ ሌሊት የበረዶ ናዳ፣ በእንቅልፍ ልብሳቸው እንዳሉ 11 ሰዎችን መቅበሩ በአስጎብኚው ማስታወቂያ ላይ ቦታ አላገኘም። ገጹ ጠባብ ነው።

የመጀመሪያው የጀግንነት ምዕራፍ ሄሊኮፕተር ነው። ካትማንዱ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ለአዲስ አበባ ሰው ቆላ ማለት ነው። ከተራራው ሥር ያለችው የሳማጋውን መንደር ግን 3,500 ሜትር ላይ ናት። በእግር ለሚሄድ የቀናት መንገድ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨመር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እረፍት ይደረግ ይላሉ። ጀግናችን ለዚህ ጊዜ የላቸውም፤ ዲያሞክስ አለ። ጠዋት 125 ሚሊግራም፣ ማታ 125 ሚሊግራም፤ ጣታቸውን እየነዘራቸው፣ ሌሊቱን ለሽንት ሲመላለሱ ያድራሉ። መድኃኒቱ ሰውነት ቶሎ እንዲላመድ ያግዛል እንጂ ስለ እሳቸው አይላመድላቸውም። ይህም የሚረዝምባቸው አልጠፉም፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 አራት ብሪታንያውያን ሰውነትን ለከፍታ ያዘጋጃል የተባለለትን ዜኖን ጋዝ ጀርመን ውስጥ ስበው ሳምንት ሳይሞላ ኤቨረስት ጫፍ ቆመዋል። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ብቻ ላለው ሠራተኛ የምሥራች ነው።

በሳማጋውን ሲያልፉ ጀግናችን የመንደሩን ሽማግሌዎች ፈገግ ብለው ፎቶ ያነሷቸዋል። የእነዚህ ሽማግሌዎች አባቶች ፎቶ ለማንሳት አይመቹም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃፓኖች ተራራውን ሞክረው ከተመለሱ በኋላ ናዳ ወርዶ ገዳማቸውን አፈረሰ፤ 18 ሰዎችም ሞቱ ይባላል። አማልክቱ ተቆጥተዋል ብለው በ1954 ለተመለሰው ቡድን መንገድ ዘጉበት፤ ቡድኑም ፊቱን ወደ ሌላ ተራራ አዞረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1956 ቶሺዮ ኢማኒሺና ጋልዘን ኖርቡ ሼርፓ ጫፉ ላይ ቆሙ። ልብ በሉ፤ ሁለት ስም ነው የተመዘገበው። ያኔ የመቁረጥ ጥበብ ገና አልዳበረም።

የመውጣቱ መነሻ ሰፈር፣ ቤዝ ካምፕ፣ 4,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከራስ ዳሽን አናት በላይ ማለት ነው። እዚህ ፍራሽ አለ፣ ትኩስ ሻይ አለ፣ ኢንተርኔት አለ። ላማው፣ የቡድሃ መነኩሴው፣ ጸሎት የሚያደርስበት የፑጃ ሥርዓትም አለ፤ ጀግናችን ፊታቸውን ዱቄት ተቀብተው በረከት ይቀበላሉ፤ ጫማ ሥር የሚታሠረውን የብረት ጥርስ፣ ክራምፖናቸውንም ያስባርካሉ። ክራምፖኑን ከጫማቸው ጋር ልክ ማድረጉን ግን ማን ያስታውሳቸው? እሱን ለሚመራቸውና ሸክማቸውን ለሚሸከመው ሼርፓ ይተዉለታል።

«የኔ ሼርፓ» ይሉታል። ሼርፓ በሂማሊያ የሚኖር ሕዝብ ስም ነው፤ የሥራ መደብ አይደለም። ነገር ግን ጀግና ስለ ቋንቋ ሲጨነቅ አይገኝም።

ከቤዝ ካምፕ በላይ አራት ካምፖች አሉ፤ 5,700፣ 6,300፣ 6,800ና 7,400 ሜትር ገደማ ላይ። ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያበዛ አንዱ ካምፕ ድረስ ወጥቶ፣ አድሮ፣ መልሶ መውረድ፣ ከዚያ ደግሞ ከፍ ብሎ መውጣት ግድ ነው። ጀግናችን ሦስቴ በወጡና በወረዱ ቁጥር እነዚያ «የሥራ መደቦች» ድንኳን፣ ጋዝ፣ ምግብና የኦክስጅን ሲሊንደር ተሸክመው ስንቴ እንደተመላለሱ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። ከካምፕ 1 እስከ ካምፕ 2 ያለው መንገድ ከሁሉ ከባዱ ነው፤ ፎቅ የሚያካክሉ የበረዶ ግንቦች ከላይ ያንዣብባሉ፣ ከሥር ስንጥቁ አፉን ከፍቷል። ፀሐይ ሳያሞቀው በጠዋት መታለፍ አለበት። ጀግናችን ግን ቁርስ ላይ ቪዲዮ ሲቀርጹ አርፍደው፣ እኩለ ቀን ላይ ግንቡ ሥር ቆመው «እንዴት ያምራል!» ይላሉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ የተባለው ሣር ለሌለበት አገርም ይሠራል።

ገመዱስ? ገመዱ ከታች እስከ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ የአልሙኒየም ካስማና የበረዶ ብሎን እየተከሉ ቀድመው የወጡ ሰዎች አስረውታል። የጀግናችን ድርሻ ጁማር የሚባለውን የእጅ መያዣ ገመዱ ላይ አግብቶ ወደ ላይ መግፋት ነው። ጁማር ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ወደ ታች ግን ይነክሳል። አጠቃቀሙ አንዲት ሕግ አላት፤ ቋጠሮ ጋ ሲደረስ መጀመሪያ የደኅንነት ካራቢነሩን፣ የሚከፈትና የሚዘጋውን የብረት ቀለበት፣ ከቋጠሮው በላይ ማሠር፣ ከዚያ ጁማሩን ነቅሎ ማሻገር። ሁሌም ቢያንስ አንዱ እንደታሠረ ነው። ጀግናችን ሁለቱንም አንድ ላይ ይፈቱና ለሦስት ሰከንድ ያህል በእምነታቸው ብቻ ተንጠልጥለው ይቆማሉ። ወይ ደግሞ ካለፈው ዓመት የቀረ፣ ፀሐይ የበላው ገመድ ከአዲሱ ጎን ተጋድሞ ያገኙና እሱ ላይ ይታሠራሉ፤ ቀለሙ ለፎቶ ያምራል። ሰውነታቸውን በእግራቸው ማንሳት ሲገባቸው በክንዳቸው ስለሚጎትቱ፣ ካምፕ 2 ሲደርሱ ማንኪያ ማንሳት ያቅታቸዋል። ሾርባውን ያው ሰው ያጎርሳቸዋል። ጉርሻ ባህላችን ነው ብለን ለኔፓል ያወረስነው አይመስለንም፤ ቢሆንም ይሠራል።

አሁን ኦክስጅን ላይ ቆም እንበል፤ ጀግንነቱ ያለው እዚህ ነውና። የተለመደው ሲሊንደር አራት ሊትር ይይዛል፤ በ300 ባር ሲሞላ 1,200 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። በደቂቃ 2 ሊትር ከከፈቱት አሥር ሰዓት ይቆያል። 4 ሊትር ከከፈቱት አምስት። ከካምፕ 4 ተነስቶ ጫፍ ደርሶ መመለስ፣ ለደካማ እግር ከአሥር ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው። ጀግናችን ግን «ትንሽ ጨምርልኝ» ይላሉ፤ ሼርፓው ይጨምራል። «ትንሽ» ደግመው ይላሉ። ተጨማሪው ሲሊንደር የማን ጀርባ ላይ እንዳለ መገመት አያቅትም። ከፊት ሰልፍ ሲኖር ደግሞ ጉዱ ይታያል፤ ገመዱ ላይ ሰው ሲቆም ጋዙ አብሮ አይቆምም። አንድ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ በ4 ሊትር ፍጥነት 240 ሊትር ነው፤ የሲሊንደሩ አንድ አምስተኛ፣ አንድ እርምጃ ሳይራመዱበት። ትንፋሻቸው የጭምብሉ መውጫ ላይ በረዶ ይሠራል፤ በየጊዜው ጨመቅ አድርጎ ማርገፍ ነው መፍትሔው። ጀግናችን ግን የታፈኑ መስሏቸው ጭምብሉን ገንጥለው ይጥላሉ። ሲሊንደር ሲቀየር የጋዙን መጠን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ጥርስ ውስጥ ቅንጣት በረዶ ከገባ አይገጥምም፤ እስስስ እያለ ሀብቱ ይበናል። ያን ጊዜ ጓንቱን አውልቆ በባዶ ጣቱ የሚያጸዳው፣ አሁንም፣ ያው ሰው ነው።

ኦክስጅን አጋዥ ነው ማለት ምቀኝነት ይባልብናል። ስለዚህ ራይንሆልድ ሜስነርና ፒተር ሃቤለር እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1978 ያለ ሲሊንደር ኤቨረስት መውጣታቸውን አናነሳም።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከካምፕ 4 ይነሳሉ፤ ጠዋት ረፋዱ ላይ የማናስሉ አናት ብቅ ይላል። እዚህ ላይ የጀግናችን ሊቅነት ይመሰከራል። የማናስሉ አናት አንድ ሹል ጫፍ አይደለም፤ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ሁለት ፊቱ ገደል የሆነ ስለታም የበረዶ ጠርዝ ነው። ለብዙ ዓመታት ገመዱ የሚያልቀው መጀመሪያ በሚገኘው ጉብታ ላይ ነበር። ከዚያ ባሻገር እውነተኛው ጫፍ በጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል፤ ማለትም፣ ማየት ለሚፈልግ። ጀግኖቻችን ገመዱ ያለቀበትን «ጫፍ» አሉት። ባንዲራ ዘረጉ፣ አለቀሱ፣ ወረዱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ሚንግማ ጂ የተባለው ሼርፓ ቡድኑን ይዞ ከጉብታዎቹ ሥር ዞሮ ተሻገረና እውነተኛው አናት ላይ ቆመ። ክፋቱ፣ አንድ ድሮን ከላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አነሳው። ፎቶው ላይ የድል ሜዳው ከጠርዙ መጨረሻ ዝቅ ብሎ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በካትማንዱ የሂማሊያ ምዝገባን የጀመረችው አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ኤልዛቤት ሃውሊ ነበረች፤ ራሷ አንድም ተራራ ሳትወጣ፣ ተራራ ወጪ ሁሉ ገና ሆቴሉ እንደገባ እየደረሰች «ከዚያ ምን ታያለህ? በግራህ ምን ነበር?» እያለች ታፋጥጥ ነበር። በ2018 አረፈች። ይህ መዝገብ ከ2022 ጀምሮ ጉብታው ላይ የቀረውን ጉብታው ላይ እንደቀረ ሊጽፍ ወሰነ። ምን ያለ ጭካኔ ነው! ሰው ሦስት አህጉር አቋርጦ መጥቶ ለጥቂት ሜትር ይወቀሳል? ለመሆኑ እነዚያን ሜትሮች የከለከለን ማነው፤ ገመዱ አልቆ አይደል? እንደ እኛ እንደ እኛማ፣ ካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይም አንድ ባንዲራ ቢተከልና ከዚያው ቢመለሱ ጋዝም ይተርፍ ነበር።

የቆራጥነታቸውን ነገር ካነሳን፣ ከእነሱ የባሱ አርበኞችም አሉ። በ2016 ሁለት ሕንዳውያን የፖሊስ ባልና ሚስት የሌላ ሰው የኤቨረስት ፎቶ ላይ ፊታቸውን ለጥፈው ምስክር ወረቀት ተቀብለው ነበር፤ የኔፓል መንግሥት አሥር ዓመት አገደባቸው። ጀግናችን ይህን አያደርጉም፤ የራሳቸው ፊት በቂ ነው። ሞኙ ኤድመንድ ሂላሪ ግን በ1953 ኤቨረስት አናት ላይ የቴንዚንግ ኖርጌን ፎቶ አነሳና የራሱን ሳያስነሳ ወረደ። እስከ ዛሬ በዚያ ዝነኛ ፎቶ ላይ የሚታየው ሼርፓው ነው። ሥልጠና ያስፈልገው ነበር።

የዛሬው ሥልጠና እንዲህ ነው። ስልኩ በብርድ እንዳይሞት እስከ ጫፍ ድረስ ብብት ሥር ይቀመጣል። ጓንት የሚወልቀው ለፎቶ ብቻ፣ ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ካለፈ ጣቱ ነጭ ይሆናል፣ ቀጥሎ ጥቁር። ጭምብሉ ዝቅ ይላል፣ ቱቦው ከጀርባ ይደበቃል። ሲሊንደሩ የሚታይ ከሆነ ይቆረጣል፤ የሼርፓው ትከሻ የሚታይ ከሆነ እሱም። ከሥሩ ፉከራው ይጻፋል።

ዘራፍ! ዘራፍ የጫፉ አንበሳ፣
ጋዙን በሰው ጀርባ ያነሳ፣
ገመዱን ሌላው የዘረጋለት፣
ድንኳኑን ሌላው የተከለለት፣
ሾርባውን ሌላው ያሞቀለት!

ስለ መውረድ ብዙ አንልም፤ ለመውረድ ማንም ላይክ አይሰጥም። ብዙ ሰው የሚሞተው ግን ያኔ ነው፤ ጋዙ አልቆ፣ ጉልበቱ አልቆ፣ ሐሳቡ ካትማንዱ ሆቴል ገብቶ። ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳንባ ውሃ መቋጠር ጀምሯል፤ ሰካራም አረማመድና መቀባጠር ከታየ አንጎል እያበጠ ነው። ሁለቱም ቤዝ ካምፕ እስኪደርሱ ልታገስ አይሉም፤ ወዲያው ዝቅ ማለትና ኦክስጅን ነው፤ ለአንጎሉ ደግሞ ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት። ጀግናችንን በዚህ ሰዓት በገመድ አስሮ ቁልቁል የሚያወርድ ሰው ስሙ በፉከራው የለም፤ ከታች «ለረዱኝ ሁሉ» በሚለው ውስጥ ግን ተጠቃሏል።

በማግስቱ ሄሊኮፕተሩ ጀግናችንን ከሳማጋውን ያነሳል። ከሰዓት ቀና ብለው ከገላ መታጠቢያ ሲወጡ ፎቶው ላይ «ጎሽ!»፣ «የኛ አንበሳ!» የሚለው ሲጎርፍ ያገኙታል። «አብሬያቸው ነበርኩ» ሊል የሚችለው አንድ ሰው በዚያች ሰዓት ካምፕ 4 ላይ ነው፤ በረዶ የበላውን የድንኳን ካስማ በመጥረቢያው ጫፍ ይፈለፍላል፤ ባዶዎቹ ሲሊንደሮች ገና ሸክሙ ውስጥ አልገቡም።